የማታ ተማሪ በጅማ

ጅማ ላይ «ተማሪ ነኝ» ያለ ሰው ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ተደርጎ ይወሰዳል። እኔ ግን ምድር ቤቱ ሱቅ በሆነ ሕንፃ ላይ በሚገኝ አነስተኛ የግል ኮሌጅ፣ በማታው መርሐ ግብር የሂሳብ አያያዝ እማራለሁ። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ቀኑን በሥራ የሚያሳልፉ በመሆናቸው፣ መምህሩ የእርጅና ቅናሽን (ንብረት ባገለገለ ቁጥር ከዋጋው የሚቀነሰውን) ለማስረዳት የቡና መፈልፈያ ማሽንን በምሳሌነት ሲያነሳ፣ ማሽኑን በእጁ የሚያውቅ ሰው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ስለ አገልግሎት ዘመኑ ይከራከረዋል፤ እንዲህ ያለው ክርክር ከየትኛውም ሞጁል የበለጠ አስተምሮኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም።

የመውጫ ፈተናው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ይማር፣ ለመመረቅ ይህን አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። መመዘኛው አንድ መሆኑ በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው፤ የግል ኮሌጅ ሲባል ፊቱን ለሚያጠቁር ቀጣሪም (እንዲህ ያለው ጥቂት አይደለም) ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አንችልም። የሚያስቸግረው፣ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሆኖ ሳለ የእኛ የኮምፒውተር ክፍል መብራት በጠፋ ቁጥር መዘጋቱ ነው፤ ስለዚህ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ከቴሌግራም አውርደንና አሳትመን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቡድን እንሠራቸዋለን።