አሜሪካ ሄዶ የኢትዮጵያን ታሪክ መማር

ትናንት ማታ አንዷ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም «ቆይ ግን አሜሪካ ድረስ ሄደሽ የኢትዮጵያን ታሪክ ነው የምትማሪው? ደሞ ጄንደርና ሚሊተሪን ምን አገናኛቸው?» ብላ ጻፈችልኝ። ሳቅኩ፣ ከዛ ደሞ ሆድ ባሰኝ፣ እናቴም እኮ እስከዛሬ ለጎረቤት «የወታደር ነገር ነው የምትማረው» ነው የምትለው።

የማጠናው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሴቶችና ጦርነትን ነው፣ ፒኤችዲዬን ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቲኤ (የፕሮፌሰር ረዳት አስተማሪ) ሆኜ ሳስተምር ልጆቹ ሴት ትዋጋ አትዋጋ እያሉ ይከራከራሉ፣ እነሱ ሀገር ሁሉም የውጊያ ስራ ለሴት ክፍት እንዲሆን የተወሰነው እኮ እ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ላይ ነው! እኔ ሆዬ ደረቴን ነፍቼ እቴጌ ጣይቱ በ1888 መቀሌ ላይ ጣልያን የሚጠጣውን ምንጭ አስይዘው ምሽጉን በውሃ ጥም እንዴት እንዳስጨነቁት ተረኩላቸው። ጭጭ አሉ። አንዱ ግን እጁን አውጥቶ «ከንግስቲቱ ሌላ ዓድዋ የዘመተች አንዲት ሴት ጥሪልን» አይለኝም! አልመጣልኝም። ሸዋረገድ ገድሌን፣ ከበደች ስዩምን እንዳልል እነሱ የአርበኞቹ ዘመን ናቸው፣ 40 ዓመት ይራራቃል። ያ ሁሉ ስንቅ የፈጨ፣ እንስራ ያዘለ፣ ቁስለኛ ያነሳ ሴት፣ አንድ ስም አጣሁ። ላብ አጠመቀኝ።

ከዛ በኋላ ነው ርዕሴን ስማቸው ወዳልተጻፈ ሴት ዘማቾች የቀየርኩት። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ በድሮው ጦር ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ እናት አሉ ተባልኩና ሄድኩ፣ በ1983 ሰራዊቱ ሲበተን ነው የተሰደዱት። ቡና ተፈላ። አቦሉን እየጠጣን ዩኒቨርሲቲው ያስያዘኝን የቃለ መጠይቅ ፈቃድ ፎርም አወጣሁ (እኛ ዩኒቨርሲቲ አሮጊት ለማናገር እንኳን የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስፈቅዳል፣ እኛ ደሞ ሳንጠየቅ የሰው ጓዳ እንገባለን) እና «እማማ አይስጉ፣ ስምዎ የትም አይጠቀስም» አልኳቸው።

ሲኒውን አስቀመጡት። «ስሜ ካልተጠራ ምን ልትሰሪ መጣሽ? ወንዶቹ ጄኔራል እገሌ እየተባሉ መጽሐፍ ያሳትማሉ፣ እኔን ስም አልባ ልታደርጊኝ ነው?» ቶናውን እንኳን ሳልጠጣ ተሸኘሁ። ከሰው ቤት ቶና ሳይጠጡ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለፕሮፌሰሬ ላስረዳው ሞክሬ ነበር፣ «ካፌይን አይስማማሽም?» አለኝ።

ለመምጣት ለምታስቡ፣ ዶክተር ተብላችሁ ብር ልትልኩ ከሆነ ነርሲንግ ተማሩ፣ እውነቴን ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለኝ ስታይፔንድ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ለምስር ነው፣ ዘመድ ደሞ «ዶክተሯ» እያለ ስልክ ይደውላል። የሚሰጣችሁን ፎርም ሁሉ ደሞ ሰው ፊት ከመዘርጋታችሁ በፊት አንብቡት።

እኔ ለኮሚቴው አመልክቼ ሁለት ወር ጠብቄ «ስሜ ይጠቀስ» የሚል ሳጥን አስጨመርኩና ድፎ ይዤ ተመለስኩ። መነጽራቸውን አድርገው ምልክት አደረጉ፣ ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ፣ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ወረቀቱን መልሰው ሳቡና ከስማቸው ፊት «ሃምሳ አለቃ» ብለው ጨመሩበት።