ላክስተን፦ ከመዝገብ ወደ ማሳ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ገና ከቤተ መዛግብት ወንበር አልተነሣሁም ነበር። አሁን ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ላክስተን ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። እኔ የምኖረው እዚያው አቅራቢያ ኖቲንግሃም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ድሮ በብዙ መንደር የነበረው አጥር አልባ ማሳ በሌላው ቦታ ከሞላ ጎደል ተሸንሽኖ፣ ታጥሮ አለቀ። ላክስተን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይታረሳል። ምዕራብ ማሳ፣ ደቡብ ማሳ፣ የወፍጮ ማሳ የሚባሉ ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሉ። አንዱ ስንዴ ሲዘራበት ሌላው በጸደይ የሚዘራ እህል ይይዛል፣ ሦስተኛው ተራው ደርሶት ያርፋል። የአንድ ገበሬ መሬት ታዲያ አንድ ቦታ አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው።

መጀመሪያ ስሕተቴን ልናገር። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሳገላብጥ በጁን የተጋቡ ሰዎች አገኘሁ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ልጃቸው ተጠምቋል። «ጉድ! ከሠርጉ በፊት?» ብዬ ለጓደኛዬ ሁሉ አወራሁ። ለካ እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ ዓመት የሚለውጡት ማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር። ስለዚህ ፌብሩዋሪ የዓመቱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ዘመን ሳቀያይር የኖርኩት ሐበሻ በዚህ መሳት ነበረብኝ? ሙታንን ያማሁት ሳያንስ!

ከዚያ ወደ ላክስተን አሮጌ ካርታ። በ1635 ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ የሠራው ነው፤ አሁን ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከ2,000 በላይ ቁራሽ መሬት አንድ በአንድ ተሥሎበታል። የሚያርሱና የሚያድኑ ትንንሽ ሰዎችም አሉበት፤ እነሱን ሳይ ብቻ ሰዓታት አልፈዋል። ግን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ድሮ በበሬ የታረሱ ቁራሾች ብዙ ቦታ ረጃጅምና ቀጫጭን ሆነው ጫፋቸው ጎበጥ ይላል። ለምን?

ጎጃም ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«በስንት በሬ ነው የሚያርሱት?» አለኝ።

«እስከ ስምንት ይጠምዱ ነበር።»

«ስምንት? ታዲያ ጫፍ ላይ በምን ያዞሩታል?»

መልሱ ይኸው ነበር። ያን ሁሉ በሬ ባንዴ ማዞር ስለማይቻል ገበሬው ጫፉ ሳይደርስ ቀስ እያለ ማጠፍ ይጀምራል፤ ትልሙም አብሮ ይጎብጣል። ኤከር የሚሉትም ሲመነጭ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነው። የኛ ጥማድ ማለት ነው እንግዲህ፤ ስፋታቸው እኩል ባይሆንም።

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የመንደሩ ዳኞች ማሳ የሚወጡበት ቀን ደረሰና ሄድኩ። ዳኞቹ ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው። አዲስ የተዘራውን የስንዴ ማሳ እየዞሩ ፈር ለቆ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ሣሩ የገፋ ካለ ያያሉ። አንዱ ትልሙ ላይ ቆሞ ባንድ ዓይኑ ወደ ፊት ያነጣጥራል፤ ሌላው የወሰን ምልክት የሚሆነውን የእንጨት ችካል በመዶሻ ይመታል። ጭቃው እርጥብ ስለነበር ችካሉ በሦስት ምት ገባ። ጥፋተኛ ከተገኘ በሳምንቱ የመንደሩ ፍርድ ቤት ይቀጣዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ1977 የወጣው ሕግ የሌሎቹን መሰል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲያነሣ የላክስተንን ትቶለታል።

የባለቤትነቱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ መንግሥት በ1952 ገዛው፣ በ2020 ደግሞ ወደ ቀድሞዎቹ ባላባቶች ርስት ወደ ቶርስቢ ተመለሰ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች እዚያው መንደር ወደ ሠሩት ቤተ መንግሥት ጉብታም ገና አልወጣሁም።

ማታ ለአጎቴ ሁሉንም አወራሁት። ስለ ካርታው ብዙም አልገረመው።

«ቅጣቱ ስንት ነው?» አለኝ።

ጥቂት ፓውንድ መሆኑን ነገርኩት።

«ለዚህማ ማን ይፈራል!» ብሎ ሳቀ።