ፀሐይ በየት ወጣች?

ሐዋሳ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተከታታይ ድራማ እጽፍ በነበረበት ጊዜ ነው። የአንደኛው ክፍል መክፈቻ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበር። ሌሊቱን ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ያልተመለሰ ባሏን ፍለጋ አንዲት ሴት ንጋት ላይ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። ለተራኪው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውቢቷ ሐዋሳ ከእንቅልፏ ነቃች። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ብቅ አለች። አባ ኮዳዎች በጩኸታቸው ንጋቱን አበሰሩ።»

የድምፅ ባለሙያችን ልጅነቱን አሞራ ገደል ዓሣ ሲፍቅ ያሳለፈ ትልቅ ሰው ነው። አንብቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስሚ ልጄ፣ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ፀሐይ እዚያ ትጠልቃለች እንጂ ከዚያ አትወጣም።»

«አባ ኮዳውስ ጋሼ?»

«እሱ ወፍ መች ይጮሃል? ምንቃሩን ነው የሚያንቋቋው። ምን ድምፅ ላስገባልሽ?»

በጣም አፈርኩ። መቼት ማለት «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አበላሽቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋሼ መቅረጫውን ይዞ አሞራ ገደል ወሰደኝ። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይፍቃል። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀድሞ የተለጠፈው ደርቆ እንደ ጥፍር ያበራል። አባ ኮዳው የዓሣውን አንጀት ጠብቆ ሲጠጋው ልጁ ቀና ሳይል እግሩን ይዘረጋል፤ ወፉም ሁለት እርምጃ ያፈገፍጋል። አጠገቡ አንዲት እናት ለመግዛት የዓሣውን ስንጥብ ገልጣ ቅላቱን ታያለች። ስለ ሐይቁ ውበት አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ያኔ የኔ ሴትዮ ታየችኝ። ባሏ ያልተመለሰላት ሴት የፀሐይ መውጣት ምኗ ነው? የምትቆጥረው ጀልባ ነው። በብዙ ድርሰቶቻችን መልክዓ ምድሩ በመጀመሪያው አንቀጽ ተዘርዝሮ ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ ይጠፋል። ከባለታሪኩ ጭንቀት ጋር ካልተቋጠረ መጥፋቱ አይቀርም።

ተራኪውን ከነንግግሩ አወጣሁት። አዲሱ መክፈቻ የቢላዋው ፍቅፍቅታ ነው፤ ከዚያ የምንቃር መንቋቋት፣ ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ፦ «አንድ... ሁለት... ሦስት...»

ከዚያ ልጁን ትጠይቀዋለች፦ «የአራተኛው ጀልባ ሰዎች አልመጡም?»

ቢላዋው ይቆማል።

ጋሼ እዚያች ዝምታ ላይ አራት ሴኮንድ ጨመረባት።