ባለ ሁለት ፊቱ አምላክና የኔ 25 ዩሮ

ከሙኒክ ወደ ሮም በሌሊት ባቡር ነው የሄድኩት። ስድስት ሰው ባንድ ክፍል፣ ሦስት በዚህ ሦስት በዚያ ተደራርበን። ከበላዬ የተኛው ሰውዬ ማንኮራፋቱ የባቡሩን ድምፅ አስረሳኝ። ድሮ ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ስሄድ የሚረብሸኝ የሰው ዶሮ ነበር። ዶሮ ግን ቢያንስ ሲመሽ ዝም ይላል።

የሄድኩት ሳንቲም ፍለጋ ነው። የጥንት ሮማውያንን ሳንቲም እሰበስባለሁ፤ እሱም አማልክት ያሉበትን ብቻ። ብዙ ሰብሳቢዎች ነገሥታቱን በየተራ ይደረድራሉ። እኔን የንጉሥ ፊት አይስበኝም። አያቴ ሣጥኗ ውስጥ ሰባት ጠገራ ብር ነበራት። ማርያ ቴሬዛን «ይቺ ሴትዮ» ነበር የምትላት። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ስጠይቃት ግን መልስ የላትም። ከዚያ ይምጣ ከሌላ እንጃ፣ ሳንቲም ላይ ያለ ፊት ወሬ ከሌለው ይሰለቸኛል። አማልክቱ ደግሞ ወሬ አያልቅባቸውም።

ጁፒተር ከነመብረቁ አለኝ። ማርስ ከነጦሩ አለኝ። ያጣሁት ጃኑስን ነው። ጃኑስ የበርና የመጀመሪያ አምላክ ነው፤ አንዱ ፊቱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ያያል። የፈረንጆቹ ጃንዩወሪ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። አስ በሚባለው የመዳብ ቅልቅል ሳንቲም ላይ በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው በኩል የመርከብ አፍንጫ ይታያል። የሮም ልጆች ሳንቲም ሲወረውሩ «ራስ ወይስ መርከብ» ይሉ ነበር ይባላል። እኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደምንለው መሆኑ ነው። ይቺን ካነበብኩ ጀምሮ ጃኑስን ካልያዝኩ ብዬ ነበር።

ተርሚኒ ጣቢያ እንደወረድኩ ቁጭ ብዬ ቡና አዘዝኩ። 4 ዩሮ ከ50። ባንኮኒው ላይ ቆመው የሚጠጡት 1 ከ20 ከፍለው ሲሄዱ አየሁ። ለካ ትርፉ የወንበር ኖሯል። እናቴ ይህን ብትሰማ፣ አቦል ቶና በረካ ከነቁርሱ አጠጥታ እንግዳ የምትሸኝ ሴት፣ ለሁለተኛ ጊዜ አድዋ በዘመተች።

ስለ አድዋ ካነሳሁ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ገጥመው ያለቁት ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በመሀሉ ሳልፍ ድካሙ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ማረፊያዬ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የተበላሸ፣ ከመስኮቱ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሳይክል የሚያጓራበት። ይበቃል።

ቅዳሜን ፓላዞ ማሲሞ ሙዚየም ዋልኩ። ሰዉ ሁሉ ላይ ቤት ወዳለው የሊቪያ አትክልት ሥዕል ይሮጣል። እኔ ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ሳንቲሞች ወረድኩ። ጸጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ የተጀመረው ዲናር አለ፤ ያ ከወንጌል የምናውቀው ዲናር። የጥንቶቹ ዲናሮች ፊታቸው ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋች ሮማ የምትባል አምላካቸው ናት። ጀርባቸው ላይ መንትዮቹ ካስቶርና ፖሉክስ ፈረስ ይጋልባሉ። ጦር ይዘዋል፣ ከራሳቸው በላይ ኮከብ አለ። ሁለት ጊዮርጊስ ጎን ለጎን ነው የሚመስሉት፤ ዘንዶው ብቻ የለም።

ቆስጠንጢኖስም ወደ ክርስትና ካዘነበለ በኋላ ለዓመታት የፀሐይ አምላክን «የማይሸነፈው ባልንጀራ» እያለ ሳንቲሙ ላይ ያስቀርጽ ነበር። ሁለት ቤት ይዞ መኖር ይሉሃል ይሄ ነው። የኛው ኢዛና ግን ከሳንቲሙ ላይ የጥንቱን እምነት ጨረቃና ክብ አንስቶ መስቀል አደረገበት።

እዚያው ያልጠበቅኩትን ሰው አገኘሁ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል 3ኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የተባለው። ለካ የለየለት ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር! ከመቶ ሺህ በላይ ሰብስቦ፣ በ1946 ሲሰደድ ስብስቡን ለአገሩ ትቶ ሄደ። ስብስቡ ግን ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ያለ ነው፤ ከጥንቶቹ አማልክት ጋር ጉዳይ የለውም። ከሱ ጋር የሚያገናኘኝ ልማድ መኖሩ አናደደኝ። ሰውዬው ሳንቲሙ ብቻ ቢበቃው ምን ነበረበት?

ወደ ማታ ካፒቶሊን ኮረብታ ወጣሁ። ጁኖ ሞኔታ የምትባለው አምላክ ቤተ መቅደስ የነበረው እዚያ ነው። የሮም ገንዘብ በአጠገቡ ይመታ ስለነበር ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ሳንቲምን «ሞኔታ» ይሉታል። ቤተ መቅደሱ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል ይባላል። ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው።

እሑድ ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ሄድኩ። አሮጌ ጫማ፣ የስልክ ሽፋን፣ የተሰበረ ወንበር። መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ አይሸወድም እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አንድ ሻጭ ጨርቁ ላይ ከተዘረጉት መሀል ጃኑስን አነሳልኝ። አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ ሁለቱም ጢማም ፊት ቁልጭ ያለ። 60 አለ። ጥዬው ሄድኩ፣ ጠራኝ። 25 ላይ ተስማማን። ሲያስረክበኝ ቶሎ አላለም? አለ። ያኔ ግን አላየሁትም፤ በጉብዝናዬ ሰክሬ ነበር።

ምሳ ተርሚኒ አካባቢ አንድ ሐበሻ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው መጡ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የጥንት የሮም ገንዘብ ነው፣ እማማ። ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል።»

አንስተው በጥፍራቸው ጫፍ አንጠለጠሉትና በማንኪያ መታ አደረጉት። ድፍን ድምፅ፤ እንደ ጭቃ። ሌላ ጊዜ መቱት።

«አይጮህም» አሉ። «በስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ሳላዝ አንድ ጭልፋ ሽሮ ጨመሩልኝና ሂሳብ ሲመጣ አላስከፈሉኝም። «ለሐዘንህ ነው» አሉ እየሳቁ። አያቴም ጠገራውን ድንጋይ ላይ አቃጭላ ነበር የምትቀበለው። እኔ ግን አረንጓዴውን ብቻ አየሁ።

ሰኞ ከሰዓት አንድ የሳንቲም ሱቅ ገባሁ። ሽማግሌው ሻጭ አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና ጠርዙን አሳየኝ። ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ፤ ሁለት ሻጋታ የተጋጠመበት። ከጃኑስ ጢም ውስጥ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች። በዚህ መጠን ያሉት አሶች በመዶሻ የተመቱ ናቸው እንጂ ፈሰው አይሠሩም፤ ይሄ ፈስሶ የተሠራ ነው አለኝ። ዝገቱም ቀለም ነው።

አዝኖልኝ መሰለኝ መሳቢያውን ሳበ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የዶሚሺያን ዲናር። ጀርባው ላይ የጥበብ አምላኳ ሚኔርቫ ጋሻዋን ይዛ ቆማለች። ዶሚሺያን ጠባቂዬ ናት ብሎ ዲናሮቹን በሷ ሞላቸው። ሊገደል ሲል በሕልሙ መጥታ፣ ጁፒተር መሣሪያዬን ስለነጠቀኝ ከእንግዲህ ልጠብቅህ አልችልም አለችው ይባላል። እጄ ላይ ሳደርጋት ቀላል ናት፣ ሦስት ግራም አካባቢ። የጋሻው ጠርዝ ግን አሁንም ጣት ይይዛል። 140 ዩሮ። ልቤ ሄደ።

ወረቀቱን አዘጋጅቶልኝ ነበር። ሙኒክ እንደምኖር ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የጥንት ሳንቲም ከጣሊያን ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የኔ ባቡር የዚያኑ ማታ ነው። ብዙ ሰው በኪሱ ይዞ ይሄዳል አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሚኔርቫን ወደ መሳቢያዋ መለሳት። የኔን ጃኑስ ግን «ይሄ በነፃነት ይወጣል» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

አሁን ወጥ ቤታችን ነው ያለው። ማታ ማታ ከልጄ ጋር ዕቃ የሚያጥብ የሚለየው በሱ ነው። እሷ ሁልጊዜ «መርከብ» ትላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጥብ ከረምኩ። ሚዛኑም የተስተካከለ አይደለም መሰለኝ።