ቦንዳይ፣ በሁለት ባንዲራ መሀል

ሲድኒ በገባሁ በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እህቴ የምትኖረው ከባህሩ ርቆ በምዕራብ በኩል፣ ብላክታውን ነው። ጥር የእነሱ በጋ ነው፤ ያን ቀን ሙቀቱ 41 ዲግሪ ደርሶ ስለነበር ማታ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ይመልስ ጀመር። ሶፋ ላይ አንሶላ በውሃ ነክሬ ለበስኩ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። ሐዋሳ ስላደግኩ ሙቀት አዲሴ አይደለም፤ ግን ሐዋሳ ሲመሽ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። እዚህ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴም ተነስታ መጣችና ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ነገ ባህር ውሰጂን» አልኳት።

«ልጁን ይዘህ ሂድ። እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?»

ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ባህሩን ያየችው አንድ ጊዜ፣ ያውም ከመኪና ሳትወርድ ነው። ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልተከራከርኳትም። ጠዋት ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ «አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም» ብሎ በር ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ነጠላዋን አንስታ ተከተለችን።

ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ ከዚያ 333 ቁጥር አውቶቡስ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀብን።

ቦንዳይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነጭ አሸዋ ነው። የወረድነው በደቡቡ ጫፍ ነበር። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቀይና ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መሀል ታጭቆ፣ ማዕበሉ ሲጥለውና ሲያነሳው ይጮሃል። እኛ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ግን ጠቆር ያለና ማዕበል የማይሰበርበት ነው፤ ሰውም የለበትም። «እዚህ ይሻለናል፣ ጸጥ ያለ ነው» አልኩና ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ የልጁን እጅ ይዤ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አሸዋው ከእግሬ ሥር መሸሽ ጀመረ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

እየሮጠች የመጣችው በስድሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አፍንጫዋን ነጭ ቅባት የተቀባች፣ ቀይና ቢጫ ቆብ ያሰረች ሴት ናት። አልተቆጣችንም። ልጁን በትከሻው ይዛ ወደ ደረቁ አወጣችውና «ውሃው በሚወጣበት በር ላይ ነው የቆማችሁት» አለችን። የአገሩ ሰው ያን ቦታ «ባክፓከርስ ሪፕ»፣ ሻንጣ አዝለው የሚዞሩ እንግዶች ጅረት እንደ ማለት፣ ይለዋል፤ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ጸጥ ያለ መስሎት ቀጥ ብሎ የሚገባው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ተንበርክካ በጣቷ አሸዋው ላይ ሣለችልን። ማዕበል ውሃ እያመጣ ዳር ላይ ይከምራል፤ የተከመረው መመለስ አለበት። የሚመለሰውም አሸዋው ጎድጎድ ያለበትን መስመር ፈልጎ ነው። ጎድጓዳው ጥልቅ ስለሆነ ማዕበል አይሰበርበትም፣ ስለዚህ ለማያውቅ ሰው ከሁሉ ቦታ የተረጋጋ ይመስላል። ሪፕ የሚሉት ይህን ነው። ሰውን ወደ ታች አያሰምጠውም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። የሚገድለው ሰውየው ደንግጦ ፊት ለፊት ከውሃው ጋር ሲታገል ጉልበቱ ማለቁ ነው፤ ሲበረታ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቋቋመውም። የያዘው ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ፣ እጁን አንስቶ፣ እርዳታ መጥራት አለበት። ጠባቂ ያለበትን መዋኛ የሚያሳዩት ባንዲራዎችም አንድ ቦታ ተተክለው አይቀሩም፤ አሸዋው ሲለዋወጥ ጠባቂዎቹ ውሃውን እያዩ ያዘዋውሯቸዋል።

«እኛ አገር ‹ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል› ይባላል» አልኳትና ትርጉሙን ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ባህር የሌለው ሕዝብ ይህን ከየት አወቀው አለችኝ። ወንዝና ሐይቅ አስተማረን አልኳት።

ሰማያዊ የለበሱት ጠባቂዎች ከአካባቢው ምክር ቤት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሲሆኑ፣ እንደ እሷ ቀይና ቢጫ የለበሱት እሑድና በዓል ቤተሰባቸውን ትተው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሷ በሥራዋ አስተማሪ ነበረች። ቆቡን ለማሰር የሚፈተኑት ፈተና ቀላል አይደለም፤ ከሌላው ሁሉ በፊት 400 ሜትር በ9 ደቂቃ ውስጥ መዋኘት አለባቸው። ሴቶች በጥበቃ እንዲሰለፉ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1980 ነው፤ እሷ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። በመላ አገሪቱ ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ የበጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች ክበቦች አሉ። የቦንዳዩ የተመሠረተው በ1907 ነው።

እነሱም ይህን ያገኙት ሰው እየሞተባቸው ነው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938፣ እዚሁ ቦንዳይ፣ ትላልቅ ማዕበሎች ተከታትለው መጡና ሰው ቆሞበት የነበረውን የአሸዋ ክምር ጠራርገው ከ200 በላይ ሰው ወደ ጥልቁ ወሰዱ። አምስት ሰው ሞተ። የቀረው የተረፈው ዳር ላይ የነበሩት ጠባቂዎች በገመድም በባዶ እጅም ገብተው አንድ በአንድ ስላወጡት ነው። ዋና ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃም ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ምስክር ነው፤ ሃሮልድ ሆልት ባህር የለመደ ዋናተኛ ነበር፣ በ1967 ቪክቶሪያ ውስጥ ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ እንደገባ ቀረ። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሴትዮዋ ለልጁ የነገረችው ነው። «ሰው ሲሰምጥ ብታይ ተከትለህ እንዳትዘል፤ ሁለት ትሆናላችሁ። መጀመሪያ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት። ኳስም ይሁን፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ዕቃም ይሁን።»

እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ባዶ ጀሪካን?» አለች በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ።

«እሱማ እንዴት ጥሩ ነው» አለች ሴትዮዋ።

የጎረቤታችን ልጅ ሐዋሳ ሐይቅ ሲሰምጥ እህቴ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ዳር ላይ ልብስ ታጥባለች። ከዳሩ ሃያ እርምጃ እንኳ አልራቀም። ሴቶቹ ጮኹ፣ አንድ ሰውዬ እስከ ደረቱ ገብቶ ተመለሰ፣ ጀልባ እስኪመጣ ሁሉ ነገር አለቀ። ውሃ ሊቀዱባቸው ያመጧቸው ሰባት ስምንት ጀሪካኖች እዚያው ሣሩ ላይ ባዷቸውን ተደርድረው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ቀን ስናስታውስ ጀሪካኖቹን አንድም ቀን አንስተናቸው አናውቅም። እህቴን ይዤ ትንሽ ሄድን፤ አላነጋገርኳትም።

እኔ አዲስ አበባ ስኖር በየክረምቱ ለግንባታ ተቆፍሮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ልጆች ሰመጡ ሲባል እሰማለሁ። ጠላቂዎች ይጠራሉ፣ አስከሬን ይወጣል፣ እናት ትጮሃለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው። ጉድጓዱን ማጠር፣ በየጀልባ ማቆሚያው አንድ ገመድና አንድ ጀሪካን ማንጠልጠል ስንት ብር ይፈጃል? የሐዋሳ ጀልባ ነጂዎች ሐይቁን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል፤ ማን አሠልጥኗቸው ያውቃል?

ምሳ የበላንበት ቤት በጣም አናደደኝ። ለሦስት ሰው ዓሣና ድንች 74 ዶላር፣ በዚያ ላይ የእሑድ ተብሎ አሥር በመቶ ተጨመረበት፤ ጭማሪው የተጻፈው ምናሌው ግርጌ ላይ በጥቃቅን ፊደል ነው። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ በዚያ ብር ሰፈሩን አበላበት ነበር። ዓሣውም ጨው አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ባንዲራዎቹ አጠገብ እንደተቀመጥን ሁለት ወጣቶች ጠዋት እኛ የገባንበት ውሃ ይዟቸው ሲሄድ አየን። ጩኸት የለም፤ ጭንቅላታቸው ብቻ እያነሰ ይሄዳል። የሰማያዊ ለባሹ ጠባቂ ቦርድ፣ ማለት መንሳፈፊያ ሰሌዳው፣ ውሃው ላይ ሲያርፍ ያየነው እኛ ሳንነሳ ነው። በደረቱ ተኝቶ በሁለት እጁ እየቀዘፈ ደረሰና አንዱን ቦርዱ ላይ አወጣው፣ ሌላውን ቦርዱን አስያዘው። ሁለተኛ ጠባቂ ከኋላ መጣ። ዳር ሲደርሱ አንደኛው ልጅ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ተንቀጠቀጠ። ጠባቂው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀው፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ወደ ማማው ተመለሰ። ማንም አልከበባቸውም። የእህቴ ልጅ «ጨረሱ? በቃ?» አለኝ።

ልንሄድ ስንል ሴትዮዋ እህቴን ፈልጋ መጣች። በየሰፈሩ መዋኛ ገንዳዎች ዋና ላልለመዱ አዋቂዎች የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ ነገረቻትና እንዴት እንደምትጠይቅ ወረቀት ላይ ጻፈችላት። ባቡር ላይ እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሬድፈርን ስንደርስ አውጥታ እንደገና አነበበችው።

ረቡዕ አብሬያት ሄድኩ። ሰባት ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱ ሶማሌዎች፤ እህቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የዋና ልብስ ገዝታለች። ውሃው ከወገባቸው አያልፍም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የጣቶቿ አንጓዎች ነጥተው ቆመች። አሠልጣኟ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ እንዲያስገቡ ስትላቸው ዞራ አየችኝ።

«ቁጠርልኝ» አለችኝ።

ዓይኗን ጨፍና ገባች። ጮክ ብዬ እስከ አራት ቆጠርኩ። ብቅ ስትል ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ «ስንት ደረስኩ?» አለች፣ መልሴን ሳትጠብቅም ትንፋሿን ስባ ተመልሳ ገባች።