የካላንደሩ ሐይቅ

ነሐሴ ሲጋመስ ማተሚያ ቤታችን እንቅልፍ የለውም። ዛሬም የካላንደር ሥራ ስንጨርስ መሽቷል። የዘንድሮው ሥዕል የራሳችን የሐዋሳ ሐይቅ ነው፤ ከአሞራ ገደል በኩል የታየ፣ ዳር ላይ ጀልባ ያለበት። ሸራውን አንድ ባለሆቴል ገዝቶ ወስዶታል። እኛ ጋ የቀረው ፎቶው ነው።

ማሽኑ ሲዞር ማየት አይሰለቸኝም። ፕሌቱን፣ ማለትም ሥዕሉ ያረፈበትን ስስ ብረት፣ መጀመሪያ ውሃ ይነካዋል፣ ቀጥሎ ቀለም። ቀለሙ ቅባት ስላለው ውሃ ከያዘው ቦታ ይሸሻል፤ ሥዕሉ ያለበት ላይ ብቻ ይይዛል። አሎይስ ዜነፌልደር የተባለ ጀርመናዊ ይህን መላ ያገኘው በ1796 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ በድንጋይ ላይ ነበር። ዛሬ ድንጋዩ በስስ ብረት ተተካ እንጂ ውሃና ቅባት ያው እንደተጣሉ ናቸው።

የእኛም አገር በመዳብም በድንጋይም ታትሟል። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ1805 ትግራይ ደርሶ የሣላቸው ሥዕሎች፣ የአክሱም ሐውልት ጭምር፣ በመዳብ ላይ በአሲድ እየተበሉ ተቀርጸው በ1809 ለንደን ላይ ወጡ። ጀርመናዊው በርናትዝ የሣላቸው የሸዋ ተራሮች ደግሞ በ1852 በድንጋይ ኅትመት ታተሙ። ሁለቱም ድንቅ ሥራ ናቸው። ግን የገዛቸው አውሮፓ ያለ ባለጸጋ ነው። አንኮበር ያለው ገበሬ የገዛ ተራራውን በወረቀት ያየ አይመስለኝም። ይህ ሁሌ ይቆጨኛል።

ጃፓን ሌላ ነበር። ሠዓሊው ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ የቶካይዶን መንገድ በ55 ሥዕሎች አወጣ። በእንጨት ተቀርጾ፣ ለየቀለሙ ሌላ እንጨት እየተዘጋጀ፣ በእጅ ይታተማል። ዋጋው ተራ የከተማ ሰው የሚችለው ነበር። መንገዱን ያልሄደበትም ሰው ዝናቡንና በረዶውን ቤቱ ተቀምጦ ያያል።

ማታ በሩን ስዘጋ ዓሣ የሚሸጡት እትዬ ከገበያ ሲመለሱ አገኘሁ። ቀለሙ ዝንፍ ብሎ የተበላሸ ወረቀት ካለ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

«ሐይቁ ስር አይደል እንዴ የሚውሉት?» አልኳቸው።

«ቤቴ መስኮት የለውም፣ ልጄ። ግድግዳው ላይ ልለጥፈው።»

ተመልሼ ከፈትኩ። ከትርፉ ውስጥ ያልተዛነፈውን መርጬ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።