ኪኒኑ፣ ሁዳዴና ሦስቱ ሲኒ

ተሳፋሪዬ ከኋላ ተቀምጣ በስልክ ታወራለች። ከዲሲ ወደ ሬገን ኤርፖርት እየወሰድኳት ነው። እኔ መሪውን ጨብጬ ምራቄን ቶሎ ቶሎ እውጣለሁ። ላብ በግንባሬ ይወርዳል። የፖቶማክን ድልድይ እንደተሻገርን «ይቅርታ» ብዬ ዳር ያዝኩና በሩን ከፈትኩ። ሆዴ ባዶ ስለነበር ሐሞት ብቻ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ደንግጣ የያዘችውን ውሃ ሰጠችኝ። ጾም ላይ ነበርኩና ተጉመጥምጬ ተፋሁት። ምን እንዳሰበችኝ እንጃ።

ከፒያሳ ጀምሮ አጫሽ ነኝ። ኒያላ በነጠላ እየገዛሁ የጀመርኩት፣ አሜሪካ ስገባ በቀን አንድ ፓኬት ሆነ። ዘንድሮ ግን ሳል ሲበረታብኝ ሐኪሜ ቫሬኒክሊን አዘዘልኝ። እዚህ ቻንቲክስ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ነው፣ አውሮፓ ያላችሁት ሻምፒክስ ትሉት ነበር። በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ኒኮቲን አእምሮ ውስጥ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል። አምሮቱን ትንሽ ያስታግሳል፤ ብታጨስ ግን የድሮው ደስታ የለም። እውነትም በአምስተኛው ቀን ያጨስኳት ሲጋራ ጭድ ጭድ አለችኝ።

አጀማመሩ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሦስት ቀን ግማሽ ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ከዚያ እስከ ሰባተኛው ቀን ጠዋትና ማታ። በስምንተኛው ቀን አንድ አንድ ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይሆናል፣ ሲጋራውም የዚያን ቀን ይቆማል። እስከ 12 ሳምንት ትቀጥላለህ። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ ጀመርኩት። «በዚያው በጾሙ ልገላገለው» አልኩ። ብልቃጡ ላይ «ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ» ይላል። አንብቤዋለሁ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ምን ይብላ? ገና ጎሕ ሳይቀድ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ አድርጌ መኪናዬን አስነሳለሁ። ሙሉው መጠን በተጀመረ በማግስቱ ድልድዩ ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ማቅለሽለሽ የዚህ መድኃኒት ዋነኛው ጣጣ ነው፣ ባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እኮ ታማሚ ነው፤ ቀምሰህ ውሰድ» አሉኝ። በማግስቱ ዳቦ ቀምሼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ዋጥኩት። ማቅለሽለሹ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

ሕልሙስ? እሱ ለብቻው ጉድ ነው። በሕይወት የሌለው አባቴ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ክብሪት ይጠይቀኛል። የጋቢው ሽታ ሳይቀር ይሸተኛል። ባለቤቴ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እያለች ትቀሰቅሰኛለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄኛውን ብዙም አልጠላሁትም።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። ሲጋራ ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ሲል ልቤ ይደልቅ ጀመር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። «ኪኒኑ ሊገድለኝ ነው» ብዬ ሁለት ቀን ተውኩት። ልቤ ግን ድለቃውን አልተወም። ፋርማሲ ሄድኩ። ደግነቱ ፋርማሲስቷ የአገራችን ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቡና በቀን ስንት ይጠጣሉ?» አለችኝ።

ምን አገናኘው ብዬ ተገረምኩ። «እንደማንኛውም ሰው ነዋ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ሁለት።»

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚሰባብረውን ሠራተኛ ያተጋዋል። ለዚህ ነው አጫሽ ቡና እንደ ውሃ ቢጠጣ የማይሰማው። ጭሱ ሲቆም ሠራተኛው በቀናት ውስጥ ይሰንፋል። ያው ሦስት ሲኒ እንደ ስድስት ይሆናል። ጥፋቱ የኪኒኑ አልነበረም፤ በኒኮቲን ፕላስተር ባቆምም ያው ነበር፣ ምክንያቱም ሥራው የጭሱ እንጂ የኒኮቲኑ አይደለም። ቡናውን በግማሽ እንድቀንስ፣ የማታውን ኪኒን ደግሞ መኝታ ላይ ሳይሆን በእራት ሰዓት እንድወስድ መከረችኝ።

ጥያቄዋ በዚያ አላበቃም። «ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ይወስዳሉ? ኢንሱሊን? ለአስም ቲዮፊሊን? ለአእምሮ ሕመም ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን?» እነዚህን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ኩላሊቴንም ጠየቀችኝ፣ ቫሬኒክሊን የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ። የሚጥል በሽታና ድብርት ነበረብኝ ወይ አለች። በፈረንጆቹ 2009 ስለ ስሜት መለዋወጥ በጥቁር ሳጥን የታጠረ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። ከ8,000 ሰው በላይ የተሳተፈበት ጥናት ከታየ በኋላ በ2016 ያ የጥቁር ሳጥን ማስጠንቀቂያ ተነሣ። «ቢሆንም ጠባይዎ ከተቀየረ አቁመው ለሐኪምዎ ይደውሉ» አለችኝ። የኩላሊት ችግር ያለበት አንድ ጓደኛዬ «የተረፈህን ስጠኝ» ሲለኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። እስካሁን አኩርፎኛል።

ስለ መጠጥም ነግራኝ ነበር። ከዚህ መድኃኒት ጋር ቶሎ ያሰክራል፣ አንዳንዱን ያስቆጣል፣ አንዳንዱ ያደረገውን አያስታውስም። ፋሲካ ሲደርስ ረሳሁት። አንድ ብርሌ ጠጅ እንደ አራት አዞረኝ። ባለቤቴ ነድታ አመጣችኝ።

አሁን 11ኛ ሳምንቴ ነው። ሲጋራ የለም። ያስቸገሩኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። እሑድ እሑድ ቡና ሲያፈሉ ከአቦሉ በኋላ ሲኒዬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። እሳቸውም መልሰው ያቀኑና «በረካውን ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ይሉኛል። ስለ ጉበቱ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ሲጋራህን ማቆምህ ደግ ነው፤ ቡናዬ ምን አደረገህ?» አሉኝ።